የአርቬላ ስትራውድ ሣጥን

አርቬላ ስትራውድ ለማንም መፍቻ አበድራ አታውቅም፤ ከማንም ተበድራም አታውቅም። አንዱ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቅ እያነሳ በሚሠራበት በእኛ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ፣ ይህ ብቻውን ሰው ለመጠላት ይበቃል። መጠላቷን ታውቀው ነበር። አጸፋውንም አታጓድልም ነበር።

እኔ በፕሌዘንት ሪጅ ሜዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። መኪኖቹ ሁለት መቶ ሜትሩን በርረው ሲጨርሱ ዞረው በሚመለሱበት መንገድ ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። እዚያ ተቀምጬ፣ ሰዓታቸው የታተመበትን ወረቀት በመስኮት አቀብላቸዋለሁ። ከመስኮቴ የመጨረሻው መስመር ወለል ብሎ ይታያል። ሚስ ኒታ ይሉኛል። ብዙ አልናገርም፤ እነሱም ብዙ አይጠይቁኝም። ያሸነፈው ወረቀቱን ይነጥቀኛል፣ የተሸነፈውም ይነጥቀኛል።

መኪና መስኮቴ ሥር ሲቆም ዓይኔ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱ የእናቱን ፎቶ መሪው ላይ ለጥፎታል። አንዱ የትንባሆ መትፊያ ጣሳውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ይሮጣል፤ ይኸ እንኳ ክልክል ነው። ያልታሰረ ዕቃ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። መኪናው ከቆመበት ሲወነጨፍ ያልታሰረች መፍቻ ወደ ኋላ ትበራለች፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ተንሸራታ ፔዳል ሥር ትገባለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከመሮጡ በፊት መኪናውን አራግፎ ዕቃውን ተጎታቹ ውስጥ ይቆልፋል።

አርቬላ ተጎታች አልነበራትም። የነበረውን ባሏ ሆሊስ ሲሄድ ይዞት ሄዷል። ፒክአፑን፣ ተጎታቹንና ውሻውን ወሰደ፤ አሮጌዋን ሰማያዊ ኖቫ መኪና ግን ተዋት፤ ሞተሯ ተፈታቶ በሦስት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበርና።

«ያንን ገጣጥመሽ ከነዳሽው እኔ ሰው አይደለሁም» ብሏት ወጣ አሉ።

ያን ጊዜ አርቬላ የቱታ ፋብሪካ ሰፊ ነበረች። ሞተሩን ለመግጠም አሥራ አራት ወር ፈጀባት። ስትጨርስ ፋብሪካውን ትታ በወረዳው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጠረች። የጋራዡ ወንዶች በደስታ አልተቀበሏትም። የመሣሪያ ሣጥኗን በግራሶ ሞሉት። አንድ ቀን ማርቴሎዋን ከብረት ጠረጴዛው ጋር በይደውላት አገኘች። ጠረጴዛውን ቆርጣ፣ ማርቴሎዋን ከነቁራጩ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፤ የጠረጴዛውንም ዋጋ ከደመወዟ ቆረጡባት። ከዚያ ወዲህ አንድ አባባል ነበራት፤ «ያልተቆለፈ ዕቃ የኔ አይደለም» ትላለች።

ወደ ሜዳችን የመጣችው በዚህ ጠባይዋ ነው። ኖቫዋን ከቤቷ ስልሳ ኪሎ ሜትር ራሷ ነድታ ትመጣለች፤ መሣሪያዋ፣ ልብሷ፣ ምግቧ፣ ሁሉም እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ለመሮጥ ስትሰለፍ አራግፋ ሣሩ ላይ ሸራ ዘርግታ ትደረድረዋለች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሮጣ ስትመለስ ትልቁ መፍቻዋ የለም። ከመጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ አገኘችው። በሽቦ አወጣችው፤ በቤንዚን አጠበችው፤ ከዚያ በተሰለፉት ወንዶች ፊት አንድ በአንድ እያለፈች «እጅህን አምጣ» ትል ጀመር።

«ለምን?» ይላታል አንዱ።

«የሠራው ሰው እጁ ይሸታል። ላሸት።»

አሥራ አንድ ሰው አሸተተች። አንድም ሰው አልሳቀም፤ እጁን የከለከላት ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ዴልመር ክራውስ ነው፤ የሜዳው የመኪና መርማሪ፣ የሆሊስ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ።

በዚያው ክረምት ሣጥኑን ሠራች። ብረቱን ከተጣለ አውቶቡስ ወለል ቆረጠችው፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ በዕቃ መያዣው ውስጥ አስቀምጣ አውራ ጣት በሚያካክሉ አራት ቡሎኖች ከሻንሲው ጋር አሰረችው። አንድ ቀን ወረቀት ስትቀበለኝ «ሚስ ኒታ፣ ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ሌላ ሰው እንዲያይ ስትጋብዝ ሰምቼ አላውቅም። ውድድሩ ሲያልቅ ሄጄ አየሁት።

የሰፊ እጅ እንደነበራት ያኔ ገባኝ። መፍቻዎቹ ከአሮጌ ድንኳን በሰፋችው ጥቅልል ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየኪሱ ነው። የኪሶቹ አፍ በድርብ ክር ተሰፍቷል፤ መጠናቸውም በቀይ ክር ተጠልፏል። ካንዴላዎቹ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ እንደ ጫጩት ተቀምጠዋል። ፒንሳዎቹ፣ ካቻቪቴዎቹ፣ ክሪኩ፣ ሁሉም በቀበቶ ታስረዋል። በቀኝ በኩል የግል ዕቃዋ ነው፤ የልብ ክኒኗ፣ መነጽሯ በሱፍ ካልሲ ውስጥ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ፎጣ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ብርጭቆ። ብርጭቆው ለጥርሷ ነው። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሷ መኪናው ሲነሳ ስለሚንቀሳቀስባት፣ ሁልጊዜ አውልቃ ነበር የምትሮጠው። ከነሙሉ ዕቃው አርባ ኪሎ ይመዝናል። ክዳኑን ስትዘጋው ኮሽ የሚል ነገር የለም።

ዴልመር ሣጥኑን ከመጀመሪያው ቀን ጠላው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምርመራው ላይ ሁለት እጁን አግብቶ ይነቀንቀዋል። አይነቃነቅም። ፈርሞ ወረቀቱን ይወረውርላታል፤ እሷም ከመሬት ታነሳዋለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልናገር። በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ፣ በነጥብ የበለጠው ነጂ በሚቀጥለው ዓመት «1» ቁጥርን ይይዛል። ከዚያ በቀር ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩን በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ የሚጽፈው መርማሪው ራሱ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት። የዴልመር አማች ራንዳል ቁጥሩን ሦስት ዓመት በተከታታይ ይዞታል። አማት ለአማቹ ሲጽፍ ሦስት ጊዜ አይተናል።

በ1989 ጥቅምት፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ አርቬላና ራንዳል በነጥብ እኩል ሆኑ። ሁለቱም እያሸነፉ መጥተው ለፍጻሜው እርስ በርስ ተገናኙ። አርቬላ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያን ቁጥር እንደ እሷ የፈለገው ሰው የለም። ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የተጠበሰ የቦሎኛ ሥጋ ሳንድዊቿ ከነወረቀቱ መኪናዋ ጣራ ላይ ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፍጻሜው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ሻይዬን ይዤ በዚያ ሳልፍ ዴልመር ወረቀቱን በብብቱ ይዞ መኪናዋ ጋ ደረሰ። ራንዳል ከኋላው የራሱን ሳንድዊች እያላመጠ ይከተላል።

«ክፈቺው» አላት ዴልመር።

«ጠዋት ከፍቼልሃለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት ነው። ክፈቺው አልኩሽ።»

ከፈተችው። አጎንብሶ አየ፤ እንደ ልማዱ ነቀነቀው።

«ያልታሰረ ዕቃ ክልክል ነው» አለ።

«ታስሯል። ሣጥኑ ከመኪናው ጋር ታስሯል፣ ዕቃው ከሣጥኑ ጋር ታስሯል። አንተን ብከትህ ራሱ ንቅንቅ አትልም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የዴልመር አንገት ቀላ።

«ክብደት ተብሎ የታሰረ ብረት ይፈቀዳል። ጓዝ አይፈቀድም። ይኸ ጓዝ ነው።»

«ሦስት ዓመት ስትፈርምለት ኖረህ ዛሬ ጓዝ ሆነ? ከአማችህ ጋር ልሮጥ ስል?»

«ታግሼሽ ነው።»

«አንተ? አንተ ሽንትህን እንኳ አትታገስም።»

«ሴትዮ!» ጮኸ። «ወይ ታራግፊያለሽ፣ ወይ አትሮጪም። ተጎታች የሌለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ። ሆሊስ እውነቱን ነው የነገረኝ።»

«ሆሊስ እውነት ሲናገር አንተ ብቻ ነህ የሰማኸው። ይግረምህ።»

ግን ማራገፍ ጀመረች። ምን ታድርግ? ሸራውን ዘረጋች። ጥቅልሉን፣ ክሪኩን፣ የእንቁላል ካርቶኑን፣ አንድ በአንድ አወጣች፤ የምትወረውረው ነገር የለም። ሰው ተሰበሰበ። ወደ ቀኝ በኩል ስትደርስ እጇ ትንሽ ቆመ። ዴልመር ጠብቆ አልቆየም፤ የውስጥ ልብሷን በእስክሪብቶው ጫፍ አንስቶ ወደ ላይ ያዘው።

«ይኸስ ስንት ቁጥር መፍቻ ነው?» አለ።

ያን ጊዜ ሳቁ። ሁሉም አልሳቁም፤ የሚበቃውን ያህል ግን ሳቁ። እኔ ሻይዬን እያየሁ ቆምኩ። ዛሬም የማዝነው አፌን ስላልከፈትኩ ነው።

አርቬላ ልብሱን ከእስክሪብቶው ላይ አወረደችና አጣጥፋ ፎጣው ሥር አስገባችው። ከዚያ ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረች፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፤ ከክኒኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ራንዳል የቀረውን ሳንድዊች ዋጥ አድርጎ «እማማ፣ ጥርስሽን እዚህ ትተሽ በምንሽ ልትነክሺኝ ነው?» አላት።

«ላንተ ድድ ይበቃሃል» አለችው።

በዚህኛው ላይ የሳቁት በዙ። ራንዳል አልሳቀም።

አሁን ሣጥኑ ባዶ ሆኗል፤ መኪናዋም አርባ ኪሎ ቀለለች። ይኸ በእኛ ሜዳ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ውድድር መኪኖቹ እኩል ስላልሆኑ፣ እያንዳንዱ ነጂ መኪናው ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ በጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ቀርፋፋው ቀድሞ ይለቀቃል፤ ፈጣኑ ያባርረዋል። መጀመሪያ የደረሰ ያሸንፋል፤ ግን ከጻፈው ቁጥር በላይ የፈጠነ ቢቀድምም ተሸናፊ ነው። አርቬላ የጻፈችው ሰባት ከዘጠና ሁለት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከነሣጥኑ ሰባት ከዘጠና ሁለት፣ ሰባት ከዘጠና ሦስት ሮጣለች። አርባ ኪሎ ሲወርድላት ሰባት ከሰማንያ ስድስት ልትሮጥ ነው። የሙከራ ሩጫ አብቅቷል። ቁጥሩን መቀየር ግን እስከ መነሻው መስመር ድረስ ይፈቀድላታል።

የጫማ ቀለሟን ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን ከፈተች። መስታወቱን አየች፤ ባዶውን ሣጥን አየች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ጠርሙሱን ሸራው ላይ፣ ከሌላው ዕቃ ተርታ አስተካክላ አኖረችው።

ራንዳልና ዴልመር በአጠገቤ አለፉ። እኔን እንደ አጥር እንጨት ነው የሚያዩኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«አልቀየረችም!» አለ ራንዳል። «እልኋ ሊበላት ነው።»

«ዝም በል። እንዳታስታውሳት» አለው ዴልመር። «የራሷን ቁጥር ራሷ ትሰብራለች። አንተ አትጋፋ። ረጋ ብለህ ከኋላ ተከተላት፤ የራስህን ቁጥር ብቻ እንዳትሰብር። ትቅደምህ፣ ግድ የለህም።»

ወደ ጎጆዬ ተመለስኩ። ልሂድና ልንገራት አልኩ። እሷ ጋ ለመድረስ በወንዶቹ መሃል ማለፍ አለብኝ። ተቀመጥኩ።

ተሰለፉ። በግራ ኖቫዋ፣ በቀኝ የራንዳል ጥቁር ካማሮ፤ እሱ ስድስት ከሰማንያ አምስት ነው የጻፈው። የመነሻው መስመር አምፖሎች በሷ በኩል ከላይ ወደ ታች ቀድመው በሩ። ኖቫዋ ተወረወረች። ከሷ አንድ ሴኮንድ ዘግየት ብሎ የሱ ተለቀቀ፤ ጩኸቱ የጎጆዬን መስታወት አንቀጠቀጠው።

የማየው ከመስመሩ ጎን ሆኜ ነው። ካማሮው ክፍተቱን ይበላ ጀመር፤ ግን እንደ ሁልጊዜው አይደለም። ኖቫዋ ቀልላለች፤ እንዲህ ሆና ስትመጣ አይቼ አላውቅም። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የራንዳል መኪና አፍንጫ ዝቅ አለ፤ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ አነሳ። አማቱ ያለውን አደረገ፤ አልተጋፋም፣ ረጋ አለ።

በዚያች ቅጽበት የአርቬላም መኪና አፍንጫ ዝቅ አለ። መስመሩ ላይ ልትደርስ የቤት በረንዳ ያህል ሲቀራት የኋላ መብራቶቿ አንዴ በሩ፣ ጠፉ፣ ደግመው በሩ። ፍሬን። ትንሽ፣ እንደ ሰፊ እግር የስፌት ማሽን መርገጫ ላይ። መስመሩን አለፈች። ራንዳል ሁለት የመኪና ርዝመት ከኋላዋ ነበር።

ማሽኑ ተንጫጫ፤ ወረቀቱን ተፋ። አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት።

መጀመሪያ መስኮቴ ሥር የደረሰው ራንዳል ነው። ቆቡን አውልቋል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«እሺ ሚስ ኒታ፣ ስንት ሮጠች? ሰማንያ ስድስት? ሰማንያ አምስት?»

«ሰባት ከዘጠና ሦስት» አልኩት።

«የቀድሞውን አይደለም፤ የአሁኑን።»

«የአሁኑን ነው። ያንተ ስድስት ከዘጠና ሰባት ነው። አሸንፋሃለች።»

ወረቀቱን ነጠቀኝና ትክ ብሎ አየው። «ይኸ ማሽን አብዷል። አብዷል! አማቴን ጥሩልኝ!»

መጥራት አላስፈለገም። ዴልመር በፒክአፑ አቧራውን እያጨሰ ደርሷል። አርቬላ ከራንዳል ጀርባ ሞተሯን ሳታጠፋ፣ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ፍሬን ይዛለች!» አለ ራንዳል። «አታለለችኝ!»

ዴልመር ወደ መስኮቷ ሄደ። «ፍሬን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ክልክል ከሆነ መጽሐፉን አውጣና አንብብልኝ። መነጽሬን አንተ ሣር ላይ አስጥተኸዋል፤ ጮክ ብለህ አንብበው።»

«መኪናሽ ከጻፍሽው በላይ እንደምትሮጥ እያወቅሽ ነው ያንን ቁጥር የተውሽው!»

«ማነው ያቀለላት? እኔ አርባ ኪሎ ጭኜ ነው የመጣሁት። ስድስት መቶኛ ሴኮንድ ኪሴ ውስጥ የከተትክልኝ አንተ። ለመያዝም ለመልቀቅም የምትበቃ ትርፍ ሰጠኸኝ። በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ያለ ስጦታ የሰጠኝ ወንድ የለም።»

«ክፈቺው! የኋላውን ክፈቺው!»

«ክፍት ነው። ግባበት።»

እውነትም ሄዶ ከፈተው። ባዶው ሣጥን ውስጥ ሁለት እጁን አግብቶ ቆመ። ከቡሎኖቹ በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረም።

«ምን ታወጣለህ ዴልመር?» አለችው ከፊት ሆና። «ያወጣኸውን አውጥተህ ጨርሰሃል።»

ራንዳል መኪናውን አጮኸና ወረቀቱን ጎጆዬ ሥር ወርውሮ ሄደ። አላነሳሁትም። የዚያን ቀን እኔም አላነሳም አልኩ።

ሰዎቹ ወደ አርቬላ ቦታ መጡ፤ ሸራው ከነዕቃው እንዳለ ተዘርግቷል። ደንቡ ደንብ ነው፤ መርማሪው ቁጥሩን መጻፍ አለበት። ዴልመር የጫማ ቀለሙን ይዞ ሲመጣ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። እንኳን ደስ ያለሽ ያላትም የለም። አርቬላ ጥርሷን ከብርጭቆው አውጥታ፣ በውሃ አለቅልቃ፣ በእርጋታ አፏ ውስጥ አስገጥማ እስክትጨርስ ድረስ አስጠበቀችው።

«አሁን ጻፍ» አለች።

አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ሳበና ዞሮ ሊሄድ ሆነ።

«ጠማማ ነው» አለችው።

«ምን?»

«ጠማማ ነው አልኩህ። ዓመቱን ሙሉ ይዤው ልዞር ነው። ጥረገውና እንደገና ጻፈው።»

ዴልመር ወደ ሰዎቹ ዞረ። ሰዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። እጅጌውን አወረደና በእጅጌው ጠረገው፤ ነጩ ቀለም እስከ ክርኑ ድረስ ተላከከበት። ሁለተኛውን ቀስ ብሎ፣ እስትንፋሱን ይዞ ጻፈው። ወደ ኋላ ሄድ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ይሁን» አለች። «አሁን ከዕቃዬ ላይ ውረድ፤ ሸራዬን ረግጠሃል።»

ሰዎቹ ተበተኑ። እኔ ቀረሁ፤ ድፍረት ይሁን ጸጸት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ አንዷን መፍቻ ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ።

«አይንኩት» አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

እጄን ሰበሰብኩ። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በየኪሱ እስክትከት ድረስ ቆሜ አየኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባት።